«ዋጋው ስንት ነው?» ይሉኝታና የመጀመሪያው ንግድ

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ክራር። ጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

በኮንኮርድ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ ያላችሁ፣ መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን፣ ሽንኩርት እያቁላላችሁ የምትሰሙን፣ ከሌሊት ሥራ ገብታችሁ ጫማችሁን ሳታወልቁ ሬዲዮ የከፈታችሁ፣ እንኳን ወደ ሳምንታዊው ዝግጅታችን በደህና መጣችሁ።

ከእናንተ ዘንድ ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። «የራሴን ሥራ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል። አንዳንዱ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቷል። አንዷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ቆማ መዋል ወገቧን ጎድቷታል። ሌላው ገና ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

ዛሬ ስለ ፈቃድ እናወራለን፤ ስለ ታክስም እናወራለን። ግን ከዚያ አልጀምርም። በእኛ ሰው ንግድ ላይ ስንቱን ሱቅ ሲዘጋ፣ ስንቱን ጓደኝነት ሲያፈርስ ያየሁት ሌላ ነገር ስላለ ከእሱ እጀምራለሁ። ይሉኝታ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ማክሰኞ ቀን ነው እንበል። ኮንኮርድ መሀል ከተማ፣ ቶዶስ ሳንቶስ ፕላዛ፣ የገበሬዎች ገበያ ላይ ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ቆማችኋል። አንዲት የምታውቋት ሴት መጣች። ልጆቻችሁ አብረው ተምረዋል፤ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጣችኋል። ከረጢቱን አነሳችና «ዋጋው ስንት ነው?» አለቻችሁ። ምን ትሏታላችሁ?

(ዝምታ፦ አምስት ሰከንድ)

«ኧረ ተይው፣ ውሰጂው» ያላችሁ ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ድሮ የምለው እሱን ነበር። ደግነት ነው፤ ያሳደገን ነው። ነገር ግን የዚህ ቃል ዋጋ ስንት እንደሆነ አብረን እናስላ። እርሳስ ያላችሁ አንሱ፤ የምትነዱ አትጻፉ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ።

(አጭር የሽግግር ድምፅ)

ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ ቁጥሩ የማንም አይደለም። 40 ከረጢት ዳቦ ቆሎ አዘጋጃችሁ። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ በርበሬው 36 ዶላር ወሰደ። ከረጢቱና በላዩ የሚለጠፈው ወረቀት 18። የመሸጫ ቦታው ኪራይ 45። ቤንዚኑና በካርድ ሲከፈላችሁ የሚቆረጠው 11። ሲደመር 110 ዶላር።

አንዱን በ5 ዶላር ሸጣችሁ እንበል። ሁሉም አለቀ። 200 ዶላር ገባ። 110 ሲቀነስ 90 ዶላር ተረፈ። ደስ ይላል አይደል? አሁን ጊዜያችሁን ቁጠሩት።

ሊጡ ይታሻል። እንደ ገመድ በቀጭኑ ይድቦለቦላል። በቢላ ይቆረጣል፤ አንድ በአንድ፣ ጣት እስኪደነዝዝ። ከዚያ በየጊዜው እየተገላበጠ ይበስላል፤ ዞር ካሉለት ያርራል። ይቀዘቅዛል፣ ይታሸጋል። ይኼ ሁሉ ሰባት ሰዓት ነው እንበል። ገበያ ላይ ደግሞ አምስት ሰዓት ቆማችኋል። ድምሩ 12 ሰዓት። 90 ዶላር ለ12 ሰዓት ሲካፈል፣ በሰዓት ሰባት ዶላር ተኩል። የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ16 ዶላር በላይ ነው። ለሌላ ሰው ብትሠሩ ሕጉ ይከለክለው የነበረውን ደመወዝ ለራሳችሁ ከፈላችሁ ማለት ነው።

እሺ፣ ዋጋውን 8 ዶላር አደረጋችሁት። 40 ከረጢት 320 ዶላር አመጣ። ወጪው ያው 110 ነው። 210 ቀረ። በሰዓት አሥራ ሰባት ዶላር ተኩል። አሁን ሥራ ሆነ።

አሁን ደግሞ ይሉኝታን እናስገባው። ከ40ው ስድስቱን ለሚያውቋችሁ ሰዎች «ተይው፣ ተወው» እያላችሁ ሰጣችሁ። ስድስት ብቻ። 34 ተሸጠ። 272 ዶላር ገባ፤ ወጪው ሲቀነስ 162። በሰዓት አሥራ ሦስት ዶላር ተኩል። ስድስት ከረጢት ከየሰዓቱ አራት ዶላር ነጠቀን። ልድገመው፦ ስድስት ከረጢት ብቻ፣ ከእያንዳንዱ ሰዓታችሁ አራት ዶላር።

ስጦታ አትስጡ እያልኩ አይደለም። ስጦታውን አስቀድማችሁ ወስኑት። «በዚህ ሳምንት ሁለት ከረጢት ለስጦታ» ብላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ዋጋውን ንገሩ። የተወሰነ ስጦታ ወጪ ነው፤ በእፍረት የሚወጣው ግን የት እንደገባ አይታወቅም።

(ሙዚቃ፦ አጭር ክራር፣ አሥር ሰከንድ)

ዳቦ ቆሎን ምሳሌ ያደረግኩት በከንቱ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሕግ አለ፤ «ኮቴጅ ፉድ» ይሉታል። በቤት ወጥ ቤት ተዘጋጅተው ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆዩ፣ ቶሎ የማይበላሹ ምግቦችን ለመሸጥ የሚፈቅድ ነው። ደረቅ ዳቦና ብስኩት፣ የተቆላ ቡና፣ ደረቅ ቅመም የመሳሰሉት ይገባሉ። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ አይብ አይገቡም። ይህን ልብ በሉ፤ «ቤቴ ነው፣ ማን ያየኛል» ብሎ ወጥ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰው ቢታመም የሚጠየቀው ሻጩ ነው።

ሁለት ደረጃ አለው። ክፍል ኤ የሚባለው ከእጅ ወደ እጅ፣ በቀጥታ ለተጠቃሚው ለሚሸጥ ነው፤ ካውንቲው ዘንድ ተመዝግባችሁ ማሟላት ያለባችሁን ነገር ራሳችሁ አረጋግጣችሁ ትፈርማላችሁ። ክፍል ቢ ደግሞ ለሱቅና ለምግብ ቤት ጭምር ማከፋፈል ለሚፈልግ ነው፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ወጥ ቤታችሁን ያያል። የምግብ አያያዝ ትምህርት መውሰድ ለሁለቱም ግዴታ ነው። ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በቤት ወጥ ቤት እንደተሠራ በግልጽ በእንግሊዝኛ መናገር አለበት፤ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ በተለይ አለርጂ የሚያስነሳው፣ ስንዴው፣ ቅቤው፣ ኦቾሎኒው መዘርዘር አለበት። ኮንኮርድ ላይ ላላችሁ የሚመለከተው የኮንትራ ኮስታ ካውንቲ የአካባቢ ጤና ክፍል ነው። ኦክላንድ ያላችሁ የአላሜዳ፣ ሳን ሆዜ ያላችሁ የሳንታ ክላራ ካውንቲ።

ለምን ከዚህ ትንሽ ነገር ጀመርኩ? ከመከራየት በፊት መሸጥ ይቀድማልና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ምግብ ቤት ከከፈቱ በኋላ «ሰው ይወደዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ውድ ነው። በስምንት ማክሰኞ ገበያ ላይ መጠየቅ ርካሽ ነው። ደግሞም ለማያውቋችሁ ሰዎች ሽጡ። እህታችሁ «ግሩም ነው» ብትላችሁ ስለምትወዳችሁ ሊሆን ይችላል። መንገደኛው ግን አንድ ጊዜ ቀምሶ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ከመጣ፣ እሱ እውነቱን ነገራችሁ።

አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ያደረጉትን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበ ወርቅ አካባቢ በትንሽ ወርክሾፕ ጫማ መሥራት ጀመሩ። ሶላቸው ያረጀ ጎማ ነበር፤ ሁላችንም የምናውቀው በረባሶ፣ በአዲስ መልክ። «በረባሶ ማን ይገዛል?» ማለት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ሠፈሩን ብቻ አላዩም፤ ጫማውን በኢንተርኔት ለማያውቃቸው የውጭ ገዢ አቀረቡት። ሶል ሬብልስ የሚባለው የጫማ ድርጅታቸው የተነሣው እንዲህ ነው።

ወደዚህ ወደ ቤይ ኤሪያ ስንመጣ፣ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የተከፈተውን የኢትዮጵያ ምግብ ቤት፣ ካፌ ኮሉቺን የማያውቅ ከእኛ መሀል ጥቂት ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተፈሪ ናቸው። በኋላ በርበሬውና ሽሮው ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ፤ ብሩንዶ በሚል ስም ቅመም መሸጥ ጀመሩ። የሚጣፍጠው ነገር ከየት እንደሚመጣ ደንበኛ ሲጠይቅ ማዳመጥ ራሱ ሥራ ነው። እናንተስ ደንበኛ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ፣ እናንተ ግን እንደ ቁም ነገር ያልቆጠራችሁት ነገር አለ?

(ዝምታ፦ ሦስት ሰከንድ)

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ አቶ ሄኖክ ተስፋዬ አሉ። መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዩ ስትሪት ፓርኪንግ የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት ጀመሩ። እዚህ በፓርኪንግ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች ብዙ ናችሁ። ተቀጥራችሁ የምታውቁትን ሥራ አትናቁት። መኪናው የሚበዛበትን ሰዓት፣ ገንዘቡ የሚፈስበትን ቀዳዳ፣ የሚያማርረውን ደንበኛ ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ።

(የሽግግር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሽርክና እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ዘግየት እላለሁ፤ እኔንም ያገኘኝ ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት እኔና አንድ ወዳጄ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ከፈትን። ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ትኩስ እንጀራ። እሱ ከእኔ የበለጠ ገንዘብ አስገባ፤ እኔ ከእሱ የበለጠ ሰዓት እቆም ነበር። «ውል እንጻፍ» ለማለት ሁለታችንም አፈርን። በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል ብለን። እሱ ትርፉ እንደ ገንዘቡ የሚከፈል መስሎት ነበር፤ እኔ እንደ ድካሙ። ሁለታችንም ሌባ አልነበርንም። የተለያየ ነገር በልባችን ይዘን፣ አንድ ነገር የተስማማን መስሎን ነበር።

በዘጠነኛው ወር ዘጋን። ዕቃውን ስናወጣ ከባንኮኒው ሥር ሰማያዊ ልባስ ያለው የዱቤ ደብተር አገኘሁ። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። «የእነ እገሌ እናት፣ 30።» «የቤተ ክርስቲያኑ ልጅ፣ 12።» «በሚቀጥለው እከፍላለሁ ያለው፣ 55።» ስም እንኳ በሙሉ ያልጻፍኩላቸው ነበሩ፤ መጻፉ ራሱ እነሱን መጠርጠር መስሎኝ። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ወደ ሁለት ወር ኪራይ የሚጠጋ ገንዘብ ነበር። ከዚያ ወዳጄ ጋር ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። ያስታረቁን ሽማግሌዎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሱቁ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ሽርክና ከመጀመራችሁ በፊት ተቀመጡና ጻፉ። ማን ስንት ገንዘብ አስገባ? ማን ስንት ሰዓት ይሠራል፤ ለሰዓቱስ ይከፈለዋል ወይስ ከትርፉ ብቻ ይካፈላል? ቼክ የሚፈርመው ማን ነው? አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት ይሰላል? አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ቢሞት፣ አንዱ ትዳሩ ቢፈርስስ? ይህን መጠየቅ ያሳፍራል። ግን ሁለታችሁም ስትስቁ ለመጠየቅ ካፈራችሁ፣ ስትኮራረፉ እንዴት ትጠይቁታላችሁ?

ስምምነትን ካነሳን፣ የምንኖርባት ከተማ ስም ኮንኮርድ ነው። ትርጉሙ ስምምነት ማለት ነው። መጀመሪያ ቶዶስ ሳንቶስ ነበር የምትባለው፤ የመሬቱ ባለቤት ሳልቪዮ ፓቼኮና ቤተሰቦቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው የቆረቆሯት። በቅርብ ያለችውን የፓቼኮን መንደር ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ እያስቸገራት ስለነበር ነጋዴዎቿ ወደዚህ እንዲመጡ ቦታ ተሰጣቸው። እንግዲህ ይህች ከተማ ሱቃቸውን ነቅለው በመጡ ነጋዴዎች የቆመች ናት። ስሟም በዓመቱ ወደ ኮንኮርድ ተለወጠ።

(ሙዚቃ፦ አጭር)

ወደ ወረቀቱ እንሂድ። እዚህ ፈጠን እላለሁ፤ ከባድ ስላልሆነ።

ብቻችሁን፣ ያለ ሸሪክ፣ በስማችሁ መነገድ ትችላላችሁ። የንግዱ ስም የቤተሰብ ስማችሁን ካልያዘ፣ ለምሳሌ «ጣና ዳቦ ቆሎ» ካላችሁት፣ ያን ስም ማርቲኔዝ በሚገኘው የኮንትራ ኮስታ ካውንቲ ጸሐፊ ቢሮ ታስመዘግባላችሁ። ከዚያ በጋዜጣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአራት ሳምንት ይወጣል። ምዝገባው አምስት ዓመት ያገለግላል። ኮንኮርድ ውስጥ ለመሥራት ከከተማው የቢዝነስ ላይሰንስ ታወጣላችሁ። ዕቃ ለሚሸጥ የሽያጭ ፈቃድ ከካሊፎርኒያ የታክስና ክፍያ መሥሪያ ቤት በነጻ ይገኛል። ከአይአርኤስ የሚሰጠው ኢአይኤን የሚባለው የንግዱ የታክስ መለያ ቁጥርም ነጻ ነው። ልድገመው፤ ነጻ ነው። ለእሱ መቶ ዶላር የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ መንግሥት አይደለም።

ደግሞም ተጠንቀቁ፤ ስማችሁ መዝገብ ላይ እንደወጣ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ በፖስታ ይመጣላችኋል። ንስር ያለበት፣ «በዚህ ቀን ካልከፈላችሁ» የሚል። ከመክፈላችሁ በፊት እንግሊዝኛ በደንብ ለሚያነብ ሰው አሳዩ። በትንሽ ፊደል «ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም» የሚል ከታች ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

«ኤልኤልሲ ልክፈት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት፣ የንግዱን ዕዳ ከቤታችሁና ከግል ንብረታችሁ ለመለየት ይረዳል። መክፈቻው 70 ዶላር ነው፤ ሰው ይህን ሰምቶ ይከፍታል። ያልሰማው ነገር ግን ካሊፎርኒያ በየዓመቱ ቢያንስ 800 ዶላር ታክስ እንደምትጠይቅ ነው፤ አንድ ዶላር ባትሸጡም። ዳቦ ቆሎ በስምንት ማክሰኞ ለሚሞክር ሰው እኔ አልመክርም፤ ኢንሹራንስ ይግዛ። ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ቦታ የሚከራይ፣ ሸሪክ ያለው ግን ያስብበት።

(የሽግግር ድምፅ)

ይሉኝታ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የኪራይ ውል ላይ ነው።

አከራዩ ፈገግ ብሎ ቡና ጋበዛችሁ። ውሉ አርባ ገጽ ነው። እሱ ብዕር ዘርግቶ ቆሟል። «ልወስደው፣ ቤቴ ላንብበው» ማለት አለማመን ይመስለናል። እንፈርማለን። ቆይታችሁ ስታዩት አምስት ዓመት ነው። «ትሪፕል ኔት» የሚል ቃል አለበት፤ ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን ንብረት ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ድርሻ እናንተ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ የግል ዋስትና አለ፤ ሱቁ ቢዘጋ የቀረውን ኪራይ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ኤልኤልሲው አያድናችሁም።

ከእ.ኤ.አ. ጥር 2025 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለጥቃቅን ንግዶች፣ ለትናንሽ ምግብ ቤቶችም፣ አዲስ የተከራይ ጥበቃ ሕግ አለ። ከወር ወደ ወር በሚታደስ ኪራይ ላይ ጭማሪው አስቀድሞ በጽሑፍ መነገር አለበት። ግን ጥበቃው በራሱ አይመጣም፤ ተከራዩ «እኔ ሕጉ የሚመለከተኝ ነጋዴ ነኝ» ብሎ ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሕጉ ሌላም ነገር አለው፤ ድርድሩ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቪየትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ከተካሄደ አከራዩ ውሉን በዚያ ቋንቋ ተርጉሞ መስጠት አለበት።

አማርኛ ከነዚህ አምስቱ መካከል የለም። ይህን ሳነብ ልቤ አዝኗል። እስከሚጨመር ድረስ አስተርጓሚ ይዞ መሄድ የእኛ ድርሻ ነው። ጠበቃ ብትችሉ ጠበቃ፤ ካልቻላችሁ እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያነብ ልጃችሁን ሳይሆን አንድ ቀን ውል ፈርሞ የሚያውቅ ሰው። እና ከመፈረማችሁ በፊት ኮንኮርድ ከተማ ፕላን ክፍል ሄዳችሁ «በዚህ አድራሻ ምግብ ቤት መክፈት ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የጭስ መሳቢያና የቅባት ማጥለያ ከሌለው ቦታ ጋር የተፈራረመ ሰው በሩን ሳይከፍት ገንዘቡ ሊያልቅበት ይችላል።

(ሙዚቃ፦ ክራር፣ አሥር ሰከንድ)

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ አእምሯችን የሚሄደው ወደ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ድንቅ ነገር ነው፤ ባንክ ፊቱን ላዞረበት ሰው መነሻ ሆኖታል። ግን አንድ ነገር አስቡ። ዕጣው መጀመሪያ ከወጣላችሁ የያዛችሁት ቁጠባ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ የሌሎቹን አባላት ገንዘብ ነው የያዛችሁት። መጨረሻ ከወጣላችሁ ግን የራሳችሁ ነው። መጀመሪያ የወጣለትን ዕቁብ ሙሉ በሙሉ ዕቃ ላይ አፍስሶ፣ ሱቁ በሦስተኛው ወር ሲቀዘቅዝ ዕቁቡን የሚጥለው ያጣ ሰው፣ ዋሱንም ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ቢያንስ የሦስትና የአራት ዙር መጣያ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ለዕቁብ ልብ የሚቀርብ ሌላ መንገድ አለ፤ ኪቫ ይባላል። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እዚህ አሜሪካ ላሉ ትናንሽ ነጋዴዎች እስከ 15,000 ዶላር ያለ ወለድ ብድር ያገናኛል። ብዙ ሰዎች ትንንሽ ገንዘብ እያዋጡ ያበድራሉ። ሆኖም መጀመሪያ የራሳችሁ ሰዎች፣ ወዳጅ ዘመዶቻችሁ፣ ጥቂት ጥቂት አበድረው እንደሚያምኗችሁ ማሳየት አለባቸው። በእኛ አነጋገር ዋስ መጥራት ነው። ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ ይህ አይከብደውም።

ምክር ደግሞ በነጻ አለ። የኮንትራ ኮስታ ኤስቢዲሲ የሚባለው የትናንሽ ንግዶች ማዕከል ነጻ አማካሪ ይመድብላችኋል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ያለው ስኮር ደግሞ ልምድ ያላቸውን፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ነጋዴዎችን በበጎ ፈቃድ ያገናኛችኋል። «እንግሊዝኛዬ ይሳቅበታል» ብላችሁ አትቅሩ። ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያን የ40 ከረጢት ሒሳብ። ቁጥር ይዞ የሚመጣን ሰው አማካሪው ቶሎ ይረዳዋል።

(የሽግግር ድምፅ)

አንድ ነገር ስለ ታክስ ልበልና ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እመለሳለሁ።

ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ታክሱ ከደመወዛችሁ ተቆርጦ ነው የሚደርሳችሁ። የራሳችሁ ሥራ ላይ የሚቆርጥላችሁ የለም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ ከትርፋችሁ 15.3 በመቶ አካባቢ አለባችሁ፤ ቀጣሪ ይከፍል የነበረውን ግማሽ ጭምር እናንተ ትከፍላላችሁና። የገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ነው። በዓመት አራት ጊዜም አስቀድሞ ይከፈላል፤ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ መስከረምና ጥር አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ማክሰኞ ጀምሮ ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። የንግዱ ገንዘብ እዚያ ይግባ። ከትርፉ ሩቡን ለታክስ ለዩት፣ አትንኩት። የቤቱ ቦርሳና የሱቁ ቦርሳ አይቀላቀሉ። ሁለት ቦርሳ! የልጁን ጫማ ከሱቁ ሳጥን የገዛ ሰው ደግ አባት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ሱቁ አትራፊ ይሁን ከሳሪ መናገር አይችልም።

(ሙዚቃው ከሥር ቀስ ብሎ ይጀምራል)

አሁን ከመለያየታችን በፊት አብረን አንድ ነገር እንለማመድ። በቁም ነገር ነው የምለው፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ። መኪና ውስጥ ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ያቺ የምታውቋት ሴት ተመልሳ መጥታለች። ከረጢቱን ይዛለች። ልጆቻችሁ አብረው ተምረዋል። ለቅሶ ቤት አብራችሁ ተቀምጣችኋል። «ዋጋው ስንት ነው?» አለቻችሁ።

እኔ እላለሁ፣ እናንተ ትደግማላችሁ። ዓይኗን እያያችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ፦

«እንኳን መጣሽ እህቴ። ስምንት ዶላር ነው።»

(ዝምታ፦ አምስት ሰከንድ)

አሁን «ግን ለአንቺ...» የሚለውን ሳትጨምሩ፣ አንድ ጊዜ ደግማችሁ፦

«ስምንት ዶላር ነው።»

(ዝምታ፦ አምስት ሰከንድ። ሙዚቃው ከፍ ይላል)

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ሠራተኛ ቅጥር እንጨዋወታለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)